ሴት እንኳ ትጫወተዋለች

ጥቅምት 8 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ

የጠዋቱ ቁጥር፦ ለጥገና የገባ ሬዲዮ ሰባት፣ ቴፕ ሦስት፣ ጌም የሚሉት በእጅ የሚያዝ የባትሪ መጫወቻ አራት። ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ ለማየት የገቡ ወንዶች ሃያ ስድስት። ጌም የገዙ ሁለት። የገባች ሴት የለችም። ጅቡቲ ሆኖ ዕቃ ለሚልክልኝ ለአብዱሰመድ የጻፍኩትን እንደ ልማዴ እዚህ ገልብጫለሁ፤ የእሱንም መልስ ሲመጣ ከዚሁ ደብተር ጋር አያይዘዋለሁ።

ውድ ወንድሜ አብዱሰመድ፣

ሰላምታዬ ከነቤተሰብህ ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሙቀቱ ብቻ ጥቅምት ገብቶም አልለቀቀንም። ደብዳቤህን ባቡሩ ላይ የሚሠራው ኑርቶ ሐሙስ አድርሶልኛል።

የጠየቅከኝን በቁጥር እመልስልሃለሁ። የላክከው ማስታወቂያ ሰው ያስገባል፣ ዕቃ አያስወጣም። በሩ ፊት ለፊት ሰቅየዋለሁ፤ የዋና ልብስ ለብሳ አሸዋ ላይ የተጋደመችውን ፈረንጅ፣ ጌሙ እምብርቷ ላይ ተቀምጦ። ወንዶቹ ይገባሉ፣ አንገታቸውን ያቀናሉ፣ የባትሪ ዋጋ ጠይቀው መልሱን ሳይሰሙ ይወጣሉ። ከመጋላ ወደ ከዚራ በዚህ በኩል የሚያልፉት ሴቶች ግን ከሰቀልኩት ቀን ጀምሮ የሚሄዱት በማዶ ነው። ከዚያ በፊት ከሬዲዮ ገዢዎቼ ግማሽ ያህሉ እነሱ ነበሩ። ገንዘቡን ባል ያወጣ ይሆናል፤ የትኛው ሬዲዮ ቤት እንደሚገባ የምትወስነው ግን ሚስት ናት። ይህን ጌሙን የሚሸጠው ካምፓኒ አያውቅም።

እሑድ በቀበሌ ስብሰባ ስለ ሴቶች እኩልነት ሁለት ሰዓት ሙሉ ያስተማረን ካድሬ ሰኞ ጠዋት ሱቅ መጣ። አሁን ያስወርደኛል ብዬ ወንበሩን ራሴ ወደ ግድግዳው አስጠጋሁለት። ቆመ፣ ቆመና በመጨረሻ ትርፍ ቅጂ ይኖረኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። በዛሬው ቁጥር ውስጥ አላስገባሁትም።

ከታች በፈረንጅ ፊደል የተጻፈውን ስለተረጎምክልኝ አመሰግናለሁ። «ቀላል ነው፤ ሴት እንኳ ትጫወተዋለች።» አልተቆጣሁም፤ ታውቀኛለህ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። የጌሙ መስታወት ውስጥ ያለው ትንሽ ሰው ከዛፍ የሚወድቀውን ፍሬ በቅርጫቱ ሲቀበል ቁጥር ይጨምራል አይደል? ቁጥሩ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሲደርስ ወደ ዜሮ እንደሚመለስ አታውቅም ነበር፤ እኔም አላውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት በዓይኔ አየሁ። ከከተማው ወንዶች እስካሁን ሦስት መቶ ያለፈ የለም። ማን እንደተጫወተ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ስለ ጠጋኛችን ለጠየቁህ ደህና ነው በላቸው።

እህትህ አስካለማርያም


ኅዳር 12 ቀን 1975፣ ጅቡቲ

ለእህቴ ለአስካለማርያም፣

አሰላሙ አለይኩም ብዬ ልጀምር፤ አንቺም እግዚአብሔር ይመስገን ብለሽ መልሺልኝ። የዘገየሁት በስንፍና አይደለም። ወደብ ላይ ዕቃ ተይዞብኝ ነበር፤ ተለቋል፣ አልሐምዱሊላህ።

ቁጥርሽን ለካምፓኒው የማስታወቂያ ሰው አነበብኩለት። ሃያ ስድስት ወንድ ስል አጨበጨበ። ሁለት ገዢ ስል ሲጋራውን እየለኮሰ ነበር። ሴቶቹ በማዶ እንደሚሄዱ ስነግረው የገረመው እኔ ጉዳይ ብዬ መናገሬ ነው። ጌም ለወንድ ነው፣ ሴቷ ለወረቀቱ ናት አለኝ፤ እንደ ሕግ አድርጎ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ካምፓኒው ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ባለው ሐዲድ ላይ አንድ ሱቅ ብቻ መርጦ የጥገና ወኪል ሊያደርግ ነው። መለዋወጫ በቀጥታ ይልካል፣ ጠጋኙን እዚህ አምጥቶ ሦስት ወር ያሠለጥናል፣ የምስክር ወረቀት በስሙ ይሰጠዋል። በዚህ ባቡር አሥር የሞቱ ጌሞች ልኬልሻለሁ። አዲስ አበባ ያሉ ሁለት ሱቆችና እዚህ ያለ አንድ ሱቅም ይህንኑ ሳጥን ተቀብለዋል። ችግሩ የጌሙ የውስጥ ሥዕል የለም፤ ፋብሪካው ለማንም አይሰጥም፣ እዚህ ላለው ለራሱ መሐንዲስ እንኳ አልሰጠም።

ያሸነፈው ሱቅ ለማስታወቂያ ፎቶ ይነሣል። ነጭ ጋውን የለበሰ ጠጋኝ፣ አጠገቡ ፈገግ ያለች ልጅ። ቆንጆ ልጅ አላት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አንቺ ራስሽ እንዳለሽ ነገርኩት፤ ዕድሜሽን ሲጠይቀኝ ወሬ ቀየርኩ።

ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ያልሽውን አላምንም። ማን ነው? ወንድምሽ ክፍሉ ነው እንዳትዪኝ፤ የሱ ጣት ጫት ከመቀንጠስ ሌላ አይፈጥንም። ጠጋኙ እሱ ነው ሲሉኝም ብዙ ጊዜ ይገርመኛል።

አብዱሰመድ


ታኅሣሥ 20 ቀን 1975፣ ድሬዳዋ

የጠዋቱ ቁጥር፦ ከአሥሩ የሞቱ ጌሞች የተነሡ አሥር።

ውድ ወንድሜ አብዱሰመድ፣

እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይኸው ብያለሁ።

ለጥያቄህ መልስ ከመጻፌ በፊት አራት ቀን አሰብኩ። ክፍሉ አይደለም። ክፍሉ ሆኖም አያውቅም። ሃሊሞ ትባላለች፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ ዒሴ የባቡሩ የስልክ መስመር ጠጋኝ ነበሩ፤ እስኪሞቱ ድረስ ከሥራ ጠረጴዛቸው ሥር አደገች ማለት ይቻላል። እናቷን መድናን ታውቃቸው ይሆናል፤ መጋላ ጨርቅ ይሸጣሉ።

ለምን ደበቅሻት ትለኛለህ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሱቁ ፊት አስቀምጫት ነበር። ሰማታር፣ የጨው ነጋዴው፣ ሬዲዮውን ሊሰጠኝ ዘርግቶ ካቻቢቴው በማን እጅ እንዳለ ሲያይ መልሶ አቀፈው፤ ልጁን ሊነጥቁት እንደመጡበት ሰው። በሳምንት ውስጥ እንደሱ ያደረጉት አሥራ አንድ ሆኑ። ቆጠርኩና መጋረጃ ሰቀልኩ፤ እሷን ከጀርባው። ጠረጴዛው ላይ ክፍሉን አስቀመጥኩ፤ ፊቱ ጠጋኝ ይመስላል።

የድሬን ቀን ታውቀዋለህ። ስድስት ሰዓት ላይ ከተማው ይዘጋል፣ እስከ አሥር ሰዓት መንገዱ ላይ የሚታየው ፍየል ነው። ወንዶቹ ጫት እየቃሙ በርጫቸው ላይ ናቸው፤ ክፍሉም ከመካከላቸው። ሃሊሞ የምትሠራው በዚያ ሰዓት ነው። ጠዋት ሞቶ የገባው ሬዲዮ ማታ እየዘፈነ ይወጣል፤ ባለቤቶቹም የክፍሉን እጅ ያመሰግናሉ። አብሯቸው ሲቅም የዋለ ሰው መቼ እንደጠገነ ሦስት ዓመት ሙሉ የጠየቀ የለም።

ሳጥንህ የደረሰ ቀን እኔም ለምሳ ቤት አልሄድኩም። ከመጋረጃው ጀርባ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሃያ ዓመት ነግጃለሁ፣ ብዙ ጎበዝ እጅ አይቻለሁ፤ በሰው ሥራ ፊት አፌን የያዝኩበትን ቀን ግን አላስታውስም። አንዱን ጌም ከፈተችው። ውስጡ የጥፍር ያህል የቀጠነ አረንጓዴ ሰሌዳ ነው፤ ላዩ ላይ ከመጋላ መተላለፊያዎች የበዙ ቀጫጭን መንገዶች አሉ። አልነካችውም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችው፤ አንድ ሰዓት ያህል። ላብ በግንባሯ ወርዶ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ፤ አልጠረገችውም። ከዚያ መጋዘን ካሉት ማስታወቂያዎችህ አንዱን እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ገለበጠችና ነጩ ጀርባ ላይ በእርሳስ መሣል ጀመረች። በሦስት ቀን ውስጥ፣ ፋብሪካው ለማንም የማይሰጠው ሥዕል ከተጋደመችው ሴትዮ ጀርባ ተሣለ። እያንዳንዱ መንገድ ከየት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚገባ፣ ማንን ሳይነካ እንደሚያልፍ።

አሥሩንም የገደላቸው አንድ ነገር ነው አለችኝ። በመስታወቱና በሰሌዳው መካከል መልእክቱን የሚያሻግር ቀጭን ላስቲክ አለ። በእኛ ሙቀት ይኮማተርና መንካቱን ያቆማል፤ ጌሙ ሕያው ሆኖ መስታወቱ ይጠፋል። ላስቲኩን አጸዳች፣ ከጀርባው ልክ የሆነ ውፍረት ያለው ወረቀት ደገፈችበት። አሥሩን ደርድራ አንድ በአንድ አበራቻቸው። አሥር ትንንሽ ሰዎች አሥር ቅርጫት ይዘው በየመስታወታቸው መሮጥ ጀመሩ። እኔ ተነሥቼ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ በዚያ ፀሐይ ባዶ መንገድ ላይ ቆምኩ። ለምን እንደወጣሁ አሁንም በደንብ አላውቅም።

ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙም የእሷ ነው። የተጫወተችው ጥገናው እንደያዘ ለማወቅ ነበር።

ጌሞቹንና ሥዕሉን በኑርቶ ልኬያለሁ። ስሟን ለካምፓኒው መንገሩን ወይም አለመንገሩን ለአንተ ትቼዋለሁ።

አስካለማርያም


ጥር 25 ቀን 1975፣ ጅቡቲ

እህቴ አስካለ፣

ሰላምታዬን በደስታ ተቀበይ። ከአራቱ ሱቆች አሥሩንም የመለስሽ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ከአንቺ የሚቀጥለው ሦስት መለሰ። ሥዕሉ መሐንዲሱ ቢሮ ነው፤ ሽማግሌ ህንዳዊ ነው፣ ከአገሩ እስኪመለስ አያየውም።

ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው። ጠጋኙን ክፍሉ ብዬ አስመዘገብኩ። እንድመርጥ ለኔ ተውሽው፣ እኔም የሚያዋጣውን መረጥኩ። የማስታወቂያው ሰው ሴት መሆኗን ቢሰማ ሳቁ ሳያልቅ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። የምስክር ወረቀቱ ከመጣ በኋላ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን፣ ኢንሻ አላህ።

ፎቶ አንሺው የካቲት 10 ይደርሳል። ፈገግ የምትል ልጅ ካስፈለገ ሃሊሞ ራሷ ትቀመጥ፤ ቢያንስ ፎቶው ላይ ትኖራለች።

አብዱሰመድ


የካቲት 14 ቀን 1975፣ ድሬዳዋ

የጠዋቱ ቁጥር፦ ለጥገና የገባ ሬዲዮ አምስት፣ ቴፕ ሁለት። ሃሊሞ መጣች፤ ሠራች፤ አልተናገረችም።

ውድ ወንድሜ አብዱሰመድ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ። ፎቶው ተነሥቷል። ፎቶ አንሺው ትሑት ሰው ነው፤ ምሳውን በልቶ በማግሥቱ ባቡር ተመለሰ። ክፍሉ ጋውኑን ለብሶ የብየዳ ብረቱን ያዘ። ሃሊሞ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ጌሙን ከጉንጯ አስጠግተው አስያዟት። ያላችሁትን ሁሉ አድርገናል። ስለ ሌላው የምጽፈው የለኝም።

አስካለማርያም


ሚያዝያ 6 ቀን 1975፣ ጅቡቲ

እህቴ አስካለ፣

ደብዳቤሽ አጭር ሆነብኝ፤ ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት። ማስታወቂያው ታትሞ ወጥቷል። ሃያውን ለፀጉር አስተካካዮችና ለሻይ ቤቶች እንዲያድል ለኑርቶ ሰጥቼዋለሁ። ከሥር የተጻፈው «እሱ ይጠግናል፤ እሷ ትጫወታለች» ነው፤ ለእናንተ ሲባል በአማርኛም አሳትመውታል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፎቶው ላይ ሻሿ የለም፤ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ነው። ይህን አልጻፍሽልኝም። ደግሞስ ሁለት ወር ሙሉ የላክሁልሽ ጌሞች ለምን አልተመለሱም? የምስክር ወረቀቱ ሰኔ ላይ ይፈረማል፤ በዚህ ሰዓት መዘግየት አያምርብንም።

አብዱሰመድ


ግንቦት 3 ቀን 1975፣ ድሬዳዋ

የጠዋቱ ቁጥር፦ ጥገና የሚጠብቅ ሠላሳ አንድ። የተጠገነ የለም።

ውድ ወንድሜ አብዱሰመድ፣

ስለ ሻሹ የጠየቅከኝን ከሦስት ወር በፊት ልጽፍልህ ይገባኝ ነበር። ፎቶ አንሺው ለብርሃኑ ይነሣ አለ። ሃሊሞ እሱን አላየችም፣ እኔን አየችኝ። ለአንድ ደቂቃ ነው አልኳት። ፎቶው ምን እንደሚሆንም አልነገርኳትም፤ ለወኪልነቱ ወረቀት ነው ብያት ነበር። ውሸት አልነበረም፣ እውነትም አልነበረም፤ ነጋዴ የሚናገረው ዓይነት ነገር ነበር። ጌሞችህን ከፎቶው ቀን ጀምሮ አልነካችም። ሬዲዮ ግን ትሠራ ነበር፤ ማስታወቂያው የፀጉር አስተካካዩ መስታወት ላይ እስከተለጠፈበት ቀን ድረስ።

እናቷ መድና ዓርብ ጠዋት መጡ። ሰላም አላሉኝም። ወረቀቱን ከሻርፓቸው ሥር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«ወንድሜ ነው፤ ክፍሉ።»

«ምን እያደረገ ነው?»

«እየጠገነ።»

«እሷስ?»

ዞሬ ክፍሉን ፈለግኩት፤ በጓሮ በር ወጥቶ ነበር።

«ለፀጉሯ የመጣሁ መስሎሻል» አሉኝ። «ፀጉሯን ነገ ትሸፍነዋለች። አባቷ አሥር ዓመት ያስተማረው እጇን ነው። አንቺ እጇን ወስደሽ ለዚህ ሰጠሽው።»

ወረቀቱን ትተውልኝ ሄዱ። ሃሊሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልመጣችም።

ክፍሉ እኔ እሞክራለሁ ብሎ አንድ ሬዲዮ ፈታ። ሲገጥመው ሦስት ብሎን ተረፈው፤ ሬዲዮውም ቀድሞ ይዞት የነበረውን ጣቢያ ጭምር ተወ። ሰዎች ሲያጣድፉት በርጫ ላይ እውነቱን ነገራቸው። እንደነገረኝ ከሆነ እንዲህ አለ፦ «ስድስት ሰዓት ከናንተ ጋር ቁጭ እላለሁ፣ አሥር ሰዓት ከናንተ ጋር እነሣለሁ። መቼ ነው የጠገንኩት?» ሰማታር ቀስ ብሎ «እኔኮ ፈጣን ነህ ብዬ ነው» አለ። ከዚያ ስለ ልጅቷ ጠየቁት። ማንም አልሳቀም አለኝ። ከራሳቸው ሬዲዮ ጋር ሦስት ዓመት አብረው ኖረው ማን እንዳናገረላቸው አለማወቃቸው አስፈራቸው መሰለኝ።

ስሟን አንተ ላይ የጣልኩት እኔ ነኝና አንተን አልወቅስህም። የምስክር ወረቀቱ በክፍሉ ስም ከወጣ ግን አልቀበለውም። ማን እንደጠገነች ንገራቸው። ወኪልነቱ ቢቀር ይቀራል፤ እሷ ከሌለች ምኑን እወክላለሁ?

አስካለማርያም


ሰኔ 17 ቀን 1975፣ ጅቡቲ

እህቴ አስካለ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከካምፓኒው ቢሮ እንደወጣሁ ነው፤ ጽሕፈቴን ይቅር በይ። ልነግራቸው ሄጄ ነበር። ሳልነግራቸው ቀድሞ ታወቀ።

ህንዳዊው መሐንዲስ ከአገሩ ተመልሶ ሥዕሉን ሁለት ቀን ሲያየው ሰንብቷል። ቢሮው ስገባ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል፤ አሥሩ ጌሞች ተከፍተው ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ሃሊሞ ከላስቲኩ ጀርባ የደገፈችውን ወረቀት ከእያንዳንዱ በመቆንጠጫ አውጥቶ ከፊታቸው አስቀምጧል። አየሁት። አንዱ ላይ ክርን አለ። አንዱ ላይ ግማሽ ጉልበት። ሦስቱ ላይ አሸዋ። አንዱ ላይ በፈረንጅ ፊደል «እንኳ» የሚለው ቃል ብቻ። የኛው ማስታወቂያ ነው፣ አስካለ፤ ሴትዮዋን ቆራርጣ አሥር ጌም አድናባታለች።

ሽማግሌው ውፍረቱን በመሣሪያ ለካሁት አለኝ፤ አሥሩም አንድ ናቸው፣ ፋብሪካው ራሱ ቢሠራው ከዚህ አይሻልም። ጅቡቲ ውስጥ ሁለት ዓመት የሞተብንን ሁሉ የገደለው ይህ ነው፤ እኛ ባትሪውን ስንወቅስ ነበር አለ። መስጊድ የገባሁ ያህል ጫማዬ ከበደኝ።

በመጨረሻ አዲሱን ማስታወቂያ አንሥቶ ክፍሉን በጣቱ ነካው። «ይህ ሰው ብረቱን የያዘው በሚግለው በኩል ነው። በዚህ ብረት አንድ ቀን ሠርቶ ቢሆን ጣት አይኖረውም ነበር» አለኝ። ጣቱን ወደ ሃሊሞ አንሸራተተ። «ልጅቷ ደግሞ ካሜራውን አታይም። የምታየው እጁን ነው። እሷ ናት አይደል?»

አዎ አልኩት።

የማስታወቂያው ሰው ተጠራ። ተጨቃጨቁ። እሱ፣ ገዢው ወንድ ነው፣ ወንድ ጌሙን ሴት ጠገነችው ቢባል አሻንጉሊት ይመስለዋል ባይ ነው፤ ማስታወቂያውን አላወርድም፣ በሴት ስም ወኪል ብሎ መጻፍም የማይታሰብ ነው አለ። መሐንዲሱ የምስክር ወረቀቱን የምፈርመው እኔ ነኝ አለ። የተስማሙት እዚህ ላይ ነው፦ በራሷ ስም ትምጣ፣ ፊቱ ትጠግን፣ ካለፈች ወረቀቱ በስሟ ይሆናል። ወኪልነቱን ግን ለሌላ ሱቅ ሊሰጡት ይችላሉ። ሽማግሌው ሐምሌ 25 ላይ ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚፈርመው የማስታወቂያው ሰው ወዳጅ ነው።

ከእናትየው ጋር እንዴት እንደምትታረቂ አላውቅም። እኔ ብሆን መንገዱ ጠፍቶኝ ነበር። ባለቤቴ ፋዱሞ ልጅቷና እናቷ ቤታችን ያርፋሉ ብላለች፤ አልጋው ተነጥፏል።

ወንድምሽ አብዱሰመድ


ሐምሌ 9 ቀን 1975፣ ድሬዳዋ

የጠዋቱ ቁጥር፦ ለማየት የገቡ ወንዶች አርባ አንድ። ሴቶች አሥራ ሰባት። የተጠገነ ዘጠኝ።

ውድ ወንድሜ አብዱሰመድ፣

ከዚህ በላይ ካለው ቁጥር የሆነውን ገምተህ ይሆናል፤ ቢሆንም በቅደም ተከተል ልጻፍልህ።

መድና ቤት ከመሄዴ በፊት ማስታወቂያዎቹን ሰበሰብኩ። በየፀጉር ቤቱና በየሻይ ቤቱ እየዞርኩ አንዱን ወረቀት በሁለት ባትሪ ለወጥኩ። መድና ትተውልኝ ከሄዱት ጋር አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። አንዱን ያ ካድሬ ይዞታል፤ ንብረቴ ነው አለኝ። አሥራ ዘጠኙን ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ፤ ዓምራን የምትባለው ጎረቤታቸው በሩን ከፈተችልኝ። መድና ጨርቅ እየለኩ ነበር፤ ቀና አላሉም። ጥቅሉን መሬት ላይ አስቀምጬ ቆሜ ተናገርኩ። መጋረጃውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፣ ሻሹን ያስወረድኩት እኔ ነኝ፣ ስሟን ለሰው ምርጫ የተውኩት እኔ ነኝ አልኩ። ሌሎቹን አላነሣሁም። መድና ከአጠገባቸው ያለውን ጨርቅ ገፋ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ።

የአንተን ደብዳቤ አነበብኩላቸው። ሃሊሞ ከውስጥ ክፍል መጥታ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ስለ ክርኑና ስለ ጉልበቱ ሳነብ መድና አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ፤ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ማስታወቂያውን የቆረጥሽው ሆን ብለሽ ነው ወይ ብዬ ሃሊሞን ጠየቅኳት። «ሌላ ወረቀትም ነበር፣ እትዬ አስካለ» አለችኝ። «የስሚንቶው ከረጢት ይወፍራል፣ የደብተሩ ይሳሳል። ልክ የነበረችው እሷ ናት።» ከዚያ እሷ በተራዋ ጠየቀችኝ፦ «አሥሩም እስካሁን ይሠራሉ?» መሐንዲሱ መልሶ ሲገጥማቸው ሁሉም ይሠራሉ፤ አብዱሰመድ በኑርቶ አፍ ልኮብኛል አልኳት። እዚያው በሩ ላይ ዓይኗን ጨፈነች። አብዱሰመድ፣ ስለ ስሟና ስለ ወረቀቱ ባነበብኩላት ጊዜ ፊቷ እንዲህ አልሆነም ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ይህን ስታስብ ነበር የኖረችው፤ ላስቲኩ ይይዝ ይሆን እያለች። እኛ ስለ ወኪልነት ስንጻጻፍ።

መድና አብሬያት እሄዳለሁ፣ ወረቀቱም ላይ የአባቷ ስም ሳይቆረጥ ይጻፋል አሉ። ሃሊሞ ዒሴ። የሃሊሞ ነገር ሌላ ነበር። ክፍሉን አታስነሺው፣ ሰው ይወደዋል አለችኝ። «እኔን ግን ስሠራ ሰው ይየኝ።»

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጠረጴዛዋን ከክፍሉ ጎን፣ መንገዱን እያየ አስቀመጥን። መጀመሪያ ማንም አልቀረበም። በማዶ ቆመው ያዩ ነበር። ከዚያ ሰማታር ያንን ሬዲዮውን አቅፎ መጣ። ፊቷ ቆመ። ጀርባውን ከፈተችው፣ ጆሮዋን አስጠግታ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞረችው። «ይህን አምና ጥር ላይ ሠርቼልህ ነበር» አለችው። «ጨው ያለበት ቦታ አታስቀምጠው ብዬ ክፍሉን አስነግሬህ ነበር። አልሰማህም።» ሰማታር ክፍሉን አየ። ክፍሉ «ነግሬሃለሁ» አለ። ሰውየው መሬት መሬት እያየ «ጨው ቤት ነው የማስቀምጠው» አለ፤ እንደ ተማሪ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተዘጋ። አርባ ሰው ቆሞ ድምፅ አልነበረም፤ ብረቱ የብየዳውን እርሳስ ሲነካ የምትሰማው ትንሿ «ጭስስ» ብቻ። ሴቶቹ ከማዶ ተሻግረው መጡ፤ አንዷ ልጇን ከፍ አድርጋ ታሳያት ነበር። በየተራው አንድ ሬዲዮ አፍ ሲከፍት ሰዉ ሁሉ አንድ ላይ ይተነፍሳል። እኔ ቁጥር መያዝ ያለብኝ ሰው ሦስት ጊዜ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቅ መዝጋት ነበረብኝ፤ አልዘጋሁም፤ ወደ በርጫም የሄደ የለም።

ከማስታወቂያው ሰው የደረሰኝን ማስጠንቀቂያ አንብቤዋለሁ። ፎቶውን ካልሰቀልኩ ወኪልነቱ ለሌላ ሱቅ ይሰጣል። ይስጠው። መለዋወጫውን በአንተ በኩል አገኛለሁ፤ የማይገኘውን ደግሞ እሷ ትሠራዋለች። ለሽማግሌው ግን ሐምሌ 25 ሳይደርስ እንደምትመጣ ንገርልኝ። ሃሊሞ ካምፓኒው ያላየውን ሁለተኛ የጌሙን ሕመም አግኝቻለሁ ብላለች፤ ሥዕሉን ይዛ ትመጣለች። የትኛው ወረቀት ጀርባ ላይ እንደሣለችው ስትደርስ ታየዋለህ።

ለፋዱሞ ምስጋናዬን አድርስልኝ።

እህትህ አስካለማርያም

ነገ፦ ሁለት ሰዓት ላይ ከሃሊሞና ከመድና ጋር ቀበሌ፤ ለጅቡቲ የይለፍ ወረቀት። ጸሐፊው «ሥራ» በሚለው ላይ ለሴት ሁሉ «የለም» ብሎ ስለሚሞላ፣ «ጠጋኝ» ብሎ እስኪጽፍ ድረስ አጠገቡ መቆም።